የትናንት ጥራጊ፣ የዛሬ ጣጣ

በ1990ዎቹ የቦስተን ከተማ መሀል ለመሀል የሚያቋርጣትን ከፍ ያለ አውራ ጎዳና አፍርሳ ከመሬት በታች ለማሳለፍ ስትዘጋጅ፣ ከግንባታ መኪናዎቹ ቀድመው ቦታው የገቡት አርኪዮሎጂስቶች ነበሩ። ክሮስ ስትሪት በሚባለው መንገድ አጠገብ ከቆፈሯቸው ነገሮች አንዱ የአንድ ቤት የጓሮ መጸዳጃ ጉድጓድ ነው። የቤቱ ባለቤት በሰነድ ትታወቃለች፤ ካትሪን ናኒ ኔይለር ትባላለች፤ የሰባኪው የጆን ዊልራይት ልጅ። የመጀመሪያ ባሏ ነጋዴ ነበር፤ ሞተባት። ሁለተኛውን ባሏን በደል ፈጸመብኝ፣ ከሌላ ሴትም ሄደብኝ ብላ ከስሳ በ1671 ፍቺ አስፈርዳበታለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፍርድ ቤቱ መዝገብ ብቻ ቢኖረን ኖሮ ካትሪንን የምናውቃት በደል አንገፍግፏት ሸንጎ ፊት በቆመችበት በዚያ አንድ ወቅት ብቻ ነበር።

ጉድጓዱ ግን የቀረውን ኑሮዋን አወጣው። ከመቶ በላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ ተገኘበት፤ አብዛኛው ሐር ነው። የቆዳ ጫማ፣ የቼሪና የፕለም ፍሬ፣ ገል፣ የብርጭቆ ስባሪ፣ ሁሉንም ያስገረመ ደግሞ ከእንጨት የተቀረጸ አንድ የቦውሊንግ ኳስ። ቦስተንን የመሠረቱት ፒዩሪታኖች፣ ከእንግሊዝ የመጡት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች፣ በታሪክ የሚሣሉት ጥቁር ለብሰው፣ ጨዋታ ጠልተው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው ነው። የማሳቹሴትስ ሸንጎ በ1651 ባወጣው ሕግ ሀብቱ 200 ፓውንድ ያልሞላ ሰው ወርቀ ዘቦ ጥልፍና የሐር መከናነቢያ እንዳይለብስ ተከልክሏል፤ ቦውሊንግም በመጠጥ ቤቶች አካባቢ ክልክል ነበር። ካትሪን የደላት ስለነበረች የሐሩ ሕግ አይነካትም ይሆናል፤ ኳሱንም በገዛ ጓሮዋ ከተጫወቱበት ከሳሽ የለውም። ቢሆንም ሐሩና ኳሱ ከአንድ ጉድጓድ ሲወጡ፣ የስብከቱ ቦስተንና የጓሮው ቦስተን ለየቅል እንደነበሩ ያሳብቃሉ።

እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች በአሮጌ ከተሞች ሥር በሺዎች ይገኛሉ። መሠረት በተቆፈረ፣ የባቡር ዋሻ በተዘረጋ ቁጥር ብቅ ይላሉ። አርኪዮሎጂስቶች ድኅረ መካከለኛው ዘመን የሚሉት፣ በግምት ከ1500 ወዲህ ያለው ጊዜ ንብረት ናቸው። ስለ ግኝቶቹ በየጊዜው ደስ የሚል ዜና እናነባለን። በዜናው የማይነገረው፣ በባለሙያዎቹ መካከል ግን ዓመት ከዓመት የሚያወዛግበው፣ የወጣው ዕቃ ከዚያ በኋላ የት ይድረስ የሚለው ነው። ሁሉም ይቀመጥ? ተመርጦ ይቀመጥ? መራጩስ ማን ነው? ለዚህ መልስ ለመስጠት ጉድጓዱ እንዴት ይሠራ እንደነበር ከማወቅ መጀመር ይሻላል።

የጓሮ ጉድጓድ ሁለት አገልግሎት ነበረው፤ መጸዳጃም፣ የቤት ጥራጊ መድፊያም ነው። አቅም ያለው በጡብ ወይም በድንጋይ ያስገነባዋል፤ ሌላው ግርጌው የወለቀ የእንጨት በርሜል እየደራረበ ይቀብራል። የተሰበረ ሳህን፣ የዶሮ አጥንት፣ አመድ፣ ያለቀ ጫማ፣ ሁሉም መጨረሻው እዚያው ነው። ሲሞላ ሥራቸው በሌሊት የሆነ ጉድጓድ ጠራጊዎች ተቀጥረው ያወጡታል፤ አብዛኛውም ከከተማ ወጥቶ የእርሻ ማዳበሪያ ይሆናል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ ለጉዳያችንም ዋናው እርሱ ነው። ጉድጓዱ በየጊዜው ስለሚጠረግ፣ አርኪዮሎጂስቱ የሚያገኘው የመቶ ዓመት ኑሮ ክምችት አይደለም። ጠራጊዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ከሄዱ በኋላ የተጣለውን ነው የሚያገኘው፤ የጥቂት ዓመታት፣ አንዳንዴም የአንድ ሳምንት ጥራጊ። ቤቱ ሲሸጥ፣ ባለቤቱ ሲሞት፣ ሰፈሩ ሲቃጠል፣ አለዚያም የከተማው የፍሳሽ መስመር ሲደርስ ጉድጓዱ ባንድ ጊዜ ይደፈናል። ለንደን ውስጥ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የጓሮ ጉድጓዶች እየተዘጉ ፍሳሹ ወደ ቴምዝ ወንዝ እንዲገባ ተደረገ፤ በ1858 በጋ ወንዙ ከመሽተቱ የተነሣ የፓርላማ አባላት አዳራሻቸው ውስጥ መቀመጥ ተሳናቸው፤ ወዲያው ለመሐንዲሱ ለጆሴፍ ባዛልጌት የፍሳሽ መስመር ገንዘብ ተፈቀደ። ጉድጓድ የሚባለው ነገር ከታላላቆቹ ከተሞች እየጠፋ የሄደው እንዲህ ነው። የተደፈነው ግን አፉ እንደታሸገ እንስራ ሆኖ ከሥር ቀረ። ውስጡ ያለው ዕቃ አንድ ቤተሰብ በአንድ ወቅት አብሮ የተጠቀመበት ነው፤ ዋጋውም ያለው አብሮ በመገኘቱ ላይ ነው።

አብሮ መገኘት ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማየት ከጉድጓድ ከሚወጣው ሁሉ በጣም ተራውን ዕቃ እንያዝ። የሸክላ ፒፓ። ትምባሆ በ16ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ከገባ በኋላ የሚጨስበት ከነጭ ሸክላ በተሠራ ርካሽ ፒፓ ነበር። በቀላሉ ይሰበራል፤ ሲሰበር ማንም አያዝንለትም። መጀመሪያ ላይ ትምባሆ ውድ ስለነበር የፒፓው ራስ የጣት ጫፍ ቢገባበት ነው፤ ትምባሆው ሲረክስ ራሱም እየሰፋ ሄደ። ስለዚህ ራሱን ያገኘ ባለሙያ በዓይኑ አይቶ ዘመኑን ይገምታል። ችግሩ፣ በየጉድጓዱ በብዛት የሚገኘው ራሱ ሳይሆን ጭሱ የሚሳብበት የቀሰሙ ስባሪ ነው። ጌጥ የለው፣ ማኅተም የለው፣ ከእጅ ላይ ሲያደርጉት የጠመኔ ቁራጭ ነው የሚመስለው። ለረጅም ጊዜ ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም።

በ1954 አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ጄ. ሲ. ሃሪንግተን የቀሰሙን ቀዳዳ ለካው። መለኪያው የመሰርሰሪያ ጫፍ ነው፤ በየቀዳዳው እያስገባ የትኛው ልክ እንደሚገባ ማየት፣ መጠኑንም በኢንች ስድሳ አራተኛ መመዝገብ። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተሠሩት ቀዳዳቸው ዘጠኝ ወይም ስምንት ስድሳ አራተኛ ሆኖ ተገኘ፤ በ18ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወደ አራት ወርዷል። ዘመን በሄደ ቁጥር ቀሰሙ ይረዝማል፣ ቀዳዳውም ይጠባል። ሌላው አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት ሉዊስ ቢንፎርድ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህን ወደ ቀመር ለወጠው፤ የቀዳዳዎቹን አማካይ በ38.26 አባዝቶ ከ1931.85 ላይ መቀነስ ነው። የጉድጓዱ ቀሰሞች አማካይ ሰባት ቢሆን፣ መልሱ 1664 ይመጣል። አማካዩ አምስት ከሆነ ወደ 1740 ይሄዳል። ቀመሩ ለ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያና ከዚያ ወዲህ ላለው አይሠራም፤ እስከ ጥጉ ከገፉትማ በ1931 ማብቂያ ላይ ፒፓው ጨርሶ ቀዳዳ ያጣል። ያም ሆኖ በዘመኑ ውስጥ ሲጠቀሙበት ያገለግላል።

ልብ ሊባል የሚገባው ቀመሩ አማካይ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። አንድ ቀሰም ብቻውን ምንም አይናገርም። ከአንድ ጉድጓድ የወጡ መቶ ቀሰሞች ግን አብረው ሲቆጠሩ ዘመናቸውን ይሰጣሉ። ሃሪንግተን ከመለካቱ በፊት ስንት ቁፋሮ ላይ ስንት ቀሰም ከአፈሩ ጋር ተደፍቶ እንደሄደ መገመት አያዳግትም።

ከቀሰሙም የሚያንስ አለ። በኮፐንሃገን ኩልቶርቬት በተባለው አደባባይ በርሜሎች የተቀበሩበት የ17ኛው መቶ ዘመን መጸዳጃ ሲቆፈር፣ አጥኚዎቹ ያተኮሩት ውስጡ ባለው ጭቃ ላይ ነበር። ርጥበት ባለበትና አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ዘር፣ የዓሣ አጥንትና የአበባ ብናኝ ሳይበሰብሱ ይቆያሉ። ጭቃው በደቃቅ ወንፊት ታጥቦ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቅርንፉድ ተገኘ። ቅርንፉድ በዚያን ጊዜ የሚበቅለው በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በሚገኙት የሞሉካ ደሴቶች ነበር፤ ንግዱንም የሆላንድ ኩባንያ አንቆ ይዞት ነበር። ግማሽ ዓለም ዞሮ የመጣ ቅመም ነው እንግዲህ በርሜሉ ውስጥ የገባው። በእንዲህ ያሉ ጉድጓዶች ከቅመሙ ጎን የወስፋት እንቁላል ማግኘትም የተለመደ ነው። ባለጠጋው ገበታ ላይ ቅርንፉድ ነበረ፤ ሆዱ ውስጥ ግን እንደ ጎረቤቱ ሁሉ ትል ነበረበት። ይህን የሚመዘግብ የቤት ሒሳብ ደብተር የለም።

በካምብሪጅ ደግሞ የተገኘው ሌላ ዓይነት ነው። በሴንት ጆንስ ኮሌጅ ይዞታ ሥር ከተቆፈረ አንድ የተደፈነ ምድር ቤት ከ500 በላይ ዕቃ ወጣ፤ ውጤቱ በ2017 ይፋ ሆነ። ከ1740ዎቹ እስከ 1770ዎቹ ዊሊያምና ጄን ክላፓም የተባሉ ባልና ሚስት ያስተዳድሩት የነበረ የቡና ቤት ንብረት ነው። ሥራቸውን ሲያቆሙ የማያስፈልገውን ሁሉ ምድር ቤቱ ውስጥ ደፍተው ዘግተውታል። የቡና ስኒው፣ የሻይ ማንቆርቆሪያው፣ የጄሊ ብርጭቆው፣ ከብዙ የእንስሳት አጥንት ጋር። ከአጥንቶቹ መካከል የጥጃ እግር አለ፤ የጥጃ እግር ተቀቅሎ ጄሊ ይወጣዋል። የ18ኛው መቶ ዘመን የቡና ቤት ሲነሣ ፖለቲካ የሚያወሩ፣ ጋዜጣ የሚያነቡ ወንዶች በአንዲት ስኒ ቡና ሲጨቃጨቁ ነው በሐሳባችን የሚመጣው። ዕቃው የሚያሳየን ግን ሰው ጠግቦ የሚበላበት፣ የሚጠጣበት፣ ለመጠጥ ቤት የቀረበ ቦታ ነው። እዚህም ላይ ማንቆርቆሪያው ብቻውን ማንቆርቆሪያ ነው። ቡና ቤቱን የሠራልን ማንቆርቆሪያው፣ የጄሊ ብርጭቆውና የጥጃው እግር በአንድ ክፍል መገናኘታቸው ነው።

ከታሪክ ምሁራን ወገን ደግሞ የታወቀ መከራከሪያ አለ። ከ1500 ወዲህ ሰነድ ሞልቷል ይላሉ፤ ኑዛዜ አለ፣ የንብረት ቆጠራ አለ፣ የግብር መዝገብ አለ፤ ቆሻሻ መቆፈር ምን አመጣው? መልሱን ከሁሉ አጥርቶ የሰጠው ስለ ጥንት ጨርሶ ያልተጠና ጥናት ነው። ዊሊያም ራትጂ የተባለው አርኪዮሎጂስት ከ1973 ጀምሮ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎቹ ጋር የቱሳን ነዋሪዎችን የዕለት ቆሻሻ እየለየ መዘነ፤ ነዋሪዎቹንም ስለ አመጋገባቸው ጠየቀ። ሰዎቹ ጠጣን ያሉትና በጣሳና በጠርሙስ የወጣው አልገጠመም፤ ቆሻሻው ይበልጣል። በዚያው ዓመት የበሬ ሥጋ ሲጠፋና ሲወደድ ደግሞ ሳይበላ የተጣለው ሥጋ በመቀነስ ፈንታ ጨመረ፤ ሰው ደንግጦ ያልለመደውን ዓይነትና መጠን እየገዛ ስላበላሸው። ዛሬ በሕይወት ያለ፣ ለመዋሸትም ምክንያት የሌለው ሰው ስለ ራሱ ቤት እንዲህ ከተሳሳተ፣ የ1680ዎቹ የንብረት ቆጣሪ የጻፈውን እንዳለ የምንቀበልበት ምክንያት አይታየኝም። ቆጣሪው የሚመዘግበው ዋጋ የሚያወጣውን ነው፤ የተሰነጠቀ ሳህንማ እርሱ ዘንድ ከነጭራሹ የለም።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አርኪዮሎጂስቶቹ ራሳቸው ከንብረት ቆጣሪው ብዙ አይሻሉም ነበር። ሮማዊው ግንብ ወይም የመካከለኛው ዘመን ገዳም ላይ ለመድረስ ሲጣደፉ ከላይ ያለውን ድኅረ መካከለኛ ዘመን የአፈር ንብርብር በማሽን ገፍፈው ያነሡት ነበር። በእንግሊዝ ለዚህ ዘመን የሚቆረቆር የባለሙያዎች ማኅበር የተቋቋመው በ1960ዎቹ ነው። ነገሩን በእጅጉ የለወጠው ግን ሕግ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1990 ባወጣው የፕላን መመሪያ፣ የአውሮፓ ምክር ቤትም በ1992 ማልታ ውስጥ ቫሌታ ላይ ባስፈረመው ስምምነት፣ በግንባታ ምክንያት የሚጠፋ ቅርስ ካለ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ቁፋሮና ጥናት እንዲካሄድ፣ ወጪውም ከግንባታው ጋር እንዲታሰብ መንገድ ተከፈተ። ቆፋሪው የፈለገውን ዘመን መርጦ የሚሄድበት ጊዜ አበቃ፤ አልሚው መሠረት የሚጥልበት ቦታ ላይ ያለው ሁሉ፣ ከላይኛው ንብርብር ጀምሮ፣ ይመዘገባል።

በዚህም የተነሣ ዕቃ ጎረፈ። አምስተርዳም የሰሜን ደቡብ የሜትሮ መስመሯን ስትዘረጋ፣ ዳምራክና ሮኪን በተባሉት ቦታዎች ከአምስቴል ወንዝ አሮጌ ወለል ወደ 700 ሺህ የሚጠጋ ዕቃ ወጣ። መስመሩ በ2018 ሲከፈት ወደ 10 ሺህ የሚሆነው በሮኪን ጣቢያ በተንቀሳቃሽ ደረጃዎቹ መካከል በመስታወት ውስጥ ተደረደረ። በኢንተርኔትም ብዙ ሺህ ዕቃ ከነፎቶግራፉ ተለቀቀ፤ ከጥንቱ የአጥንት መሣሪያ ጋር የእኛ ዘመን ተንቀሳቃሽ ስልክ ሳይቀር አለበት። ሕዝብ በመንገዱ እያለፈ የሚያየው ነገር በመሆኑ ሥራው ሊደነቅ ይገባል። ግን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ወንዝ ጉድጓድ አይደለም። ወንዝ ውስጥ የወደቀው ቁልፍ የማን እንደነበር፣ ከየትኛው ሳህን ጋር አንድ ቤት ውስጥ እንደነበር ማንም አያውቅም። ስለዚህ በሮኪን ዕቃውን በዓይነት በዓይነቱ መደርደር፣ ቁልፉን ከቁልፍ፣ ማንኪያውን ከማንኪያ ጋር ማድረግ የሚጎዳው ነገር የለም። ያንኑ አሠራር ወደ ጓሮ ጉድጓድ ሲወስዱት ግን ጉድጓዱን መልሰው መበተን ይሆናል።

እየሆነ ያለው ደግሞ ይኸው ነው። መጋዘኖች ሞልተዋል። የለንደን ሙዚየም የቁፋሮ ማኅደር በ2012 በጊነስ በዓለም ትልቁ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ከሺዎች ቁፋሮዎች የመጣ ሳጥን በመደርደሪያ ላይ በመደርደሪያ ተደርድሮበታል። በእንግሊዝ በርካታ ሙዚየሞች ቦታ የለንም ብለው አዲስ ግኝት መቀበል ስላቆሙ፣ ቆፋሪ ድርጅቶቹ የተጠናቀቁ ሥራዎችን ሳጥን በራሳቸው ግቢ ይዘው ተቀምጠዋል። በዚህ ጭንቀት ውስጥ የሚቀርበው መፍትሔ ሁልጊዜ አንድ ነው። እንምረጥና የቀረውን እናስወግድ። ጡብ፣ የጣሪያ ሸክላ፣ የኦይስተር ቅርፊት፣ ጌጥ የሌለው ገል ይወገዳል፤ ሙሉ ማሰሮ፣ ባለ ሥዕል ሳህን፣ ማኅተም ያለበት ፒፓ ይቀራል።

ማስወገድ የግድ መሆኑን እኔም አልክድም። የአንድ ቤት ጡብ በሙሉ በካርቶን ታሽጎ ለዘላለም ይቀመጥ የሚል ሰው የመጋዘን ኪራይ ከፍሎ የማያውቅ ነው። የምቃወመው የመምረጫውን ሚዛን ነው። በዚህ ሚዛን ከመቶ ጉድጓድ መቶ ቆንጆ ሳህን ይቀራል፤ አንድም ጉድጓድ ግን አይቀርም። ከካትሪን ጓሮ ኳሱን ብቻ አስቀርተን ሐሩን፣ ጫማውንና የቼሪውን ፍሬ ጥለን ቢሆን ኖሮ፣ በእጃችን የሚቀረው አንድ አሮጌ የእንጨት ኳስ ነው። ሌላም ችግር አለ። መራጩ የሚመርጠው ዛሬ በሚያውቀው ጥያቄ ነው። ከ1954 በፊት ቀሰም ጥራጊ ነበር። ዛሬም ከብትና በግ ተብሎ ብቻ ተመዝግቦ የሚጣለው አጥንት፣ ዘረመልና በአጥንቱ ውስጥ ያለው የንጥረ ነገር ምጣኔ ሲመረመር እንስሳው ከየት አካባቢ ተነድቶ እንደመጣ፣ ምን እንደበላ ይናገራል። ያልታጠበ ገል ደግሞ ውስጡ የተቀቀለውን ምግብ የስብ ቅሪት በተሻለ ይዞ ይቆያል፤ ገሉን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ጽፎ ማስቀመጥ ግን የየዕለቱ አሠራር ነው።

የሚሻለው ከብዙ ጉድጓድ ጥቂት ጥቂት ከመልቀም ጥቂት ጉድጓዶችን ከነምናምናቸው ማስቀመጥ ይመስለኛል። ከአንድ ሰፈር አሥር ቢገኙ፣ ዘመናቸው የጠራና ባለቤታቸው በሰነድ የታወቁ ሁለቱ ገላቸው፣ አጥንታቸው፣ ከየንብርብሩ የተቀዳ አንድ አንድ ባልዲ ያልታጠበ ጭቃቸው ሳይቀር ይቀመጡ። የቀሩት ስምንቱ ተቆጥረው፣ ተመዝነው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው ሊወገዱ ይችላሉ። የሙዚየም ኃላፊዎች ይህን ለመቀበል እንደሚከብዳቸው አውቃለሁ፤ ቆንጆ ሳህን ተጥሎ የዶሮ አጥንት ያለበት ካርቶን ለምን ተቀመጠ ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ አይጠፋም።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የገንዘቡ አከፋፈል ነው። አልሚው ለቁፋሮው ይከፍላል፣ ለዘገባው ይከፍላል፤ ሙዚየሙ በሳጥን የሚያስከፍል ከሆነም ሳጥኑ በገባበት ቀን አንድ ጊዜ ይከፍላል። ከዚያ ሕንፃው ይቆማል፣ ይሸጣል፣ አልሚው ሒሳቡን ዘግቶ ይሄዳል። ሐርና ቆዳ ደግሞ ሙቀቱና ርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ካልተቀመጡ በጥቂት ዓመት ይፈርሳሉ፤ ክፍሉ በየዓመቱ መብራት ያስከፍላል፣ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ጣሪያውም ያፈስሳል። የዘላለሙ ወጪ በአንድ ቀን ክፍያ የሚሸፈን ተደርጎ ነው የታሰበው። ስለዚህም የትኛው ጉድጓድ እንዳለ ይቀመጣል፣ የትኛው ተመዝግቦ ይወገዳል የሚለው ውሳኔ የሚደረገው ከቁፋሮው በፊት፣ አልሚው፣ ቆፋሪውና ሙዚየሙ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ውል ሲዋዋሉ አይደለም። የሚደረገው ከዓመታት በኋላ መደርደሪያው ሲሞላ ነው፤ ያን ጊዜ ቆፋሪው ሌላ ከተማ ሄዷል፣ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው የጉድጓድ ቁጥርም በርጥበት ደብዝዟል።